የደረት ልኬት

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትደውልልኝ እኔ ባለሁበት፣ አሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያስበውን አስቤ፣ ልቤ እየመታ አነሳሁት። ሞት አልነበረም። «አክስቴ፣ አበላሽተውኛል» አለች፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው።

ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካስቀነሰች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ማሰሪያው ተፈትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት ፊት ስትቆም ያየችው ነገር ጡት አልመሰላትም። «ላዩ ተቆልሏል፣ ሥሩ ተጨማዷል። ሳጥን ነው የሚመስለው። ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ የተሰቃየሁት?» ካሜራውን አብርታ እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ አሳየችኝ። ስፌቱ መግል የለውም፣ የጡት ጫፏ አልጠቆረም፣ ትኩሳትም የላትም። ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2010 በራሴ ደረት ላይ ያየሁትን ነው። «የኔ ልጅ፣ ይኼ እብጠትሽ ነው። ጡትሽን ገና አላየሽውም» አልኳት። እዚህ እስኪነጋ፣ እዚያ እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ አወራን።

እኔ በጊዜዬ እንዲህ የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ሥራ ስለማቆምባቸው ቀናት የነገሩኝ ብዙ ነበሩ። ከስድስት ወር፣ ከወሊድ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጡቴ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላነሳልኝም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ስወጣ ያለው ቅርጽ እስከ መቃብር አብሮኝ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ በሸማኔና በጥልፍ ሠሪ መካከል ነው። እዚህም ቤዝመንቴ ውስጥ ማሽኔን ዘርግቼ ለሠርግና ለበዓል የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ወፍራም ደብተር አለኝ፤ ከገጾቹ አንዱ የራሴ ነው። የገጹ የመጀመሪያ መስመር «ደረት 114፣ ከጡት ሥር 84» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን 30 ሴንቲ ሜትር ነው ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸከም የኖርኩት።

ሸክም የምለው ለማጋነን አይደለም። የጡት መያዣው ማንጠልጠያ ሁለቱ ትከሻዬ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቆፍሮ ነበር። በሙቀት ጊዜ ከጡቴ ሥር ያለው ቆዳ ይላላጣል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል፤ ቅባቱ አንድ ሳምንት ያድነውና ይመለሳል። ማሽን ላይ አጎንብሼ ስውል ማታ አንገቴ አይዞርም። ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ እላለሁ። እማዬ ደግሞ ከቤት ስወጣ «ነጠላሽን አጣፊ» ትለኝ ነበር፤ ክረምት ከበጋ፣ ሰርክ። ለራሴ ቀሚስ ስሰፋ ደረቱ ልክ ከሆነ ወገቡ ጆንያ ነው፤ ወገቡ ልክ ከሆነ ደረቱ አይዘጋም። ለሌላ ሴት ሁሉ ልክ የሚሆን ልብስ እየሠራሁ ለራሴ ልክ የሚሆን መሥራት አለመቻሌ ያንገበግበኝ ነበር።

ጡት ከውስጥ ሲታይ ወተት የሚያመነጩ ዕጢዎች፣ ወተቱን ወደ ጫፉ የሚወስዱ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በመካከላቸውም ስብ ነው። ጡንቻ የለውም። ደግፎ የሚይዘው ቆዳውና ከቆዳው ወደ ደረት የሚዘረጉ ስስ ጅማቶች ናቸው። እነዚህን ጅማቶች እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ ጡት ባሳተመው መጽሐፉ የዘረዘራቸው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ስለሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። እንደ ክር ናቸው፤ ክብደት በበዛባቸው ቁጥር ይለጠጣሉ፣ አንዴ ከተለጠጡ አይመለሱም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጡት ማስቀነስ የቅንጦት ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ሮማንያዊቷ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሲሞና ሃሌፕ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው ያስቀነሰችው። ክብደቱ ኳሷ ላይ በፍጥነት እንዳትደርስ ስለሚያደርጋት፣ ጀርባዋንም ስለሚያማት ነበር። በ2018 የፈረንሳይን፣ በ2019 የዊምብልደንን ዋንጫ አነሳች። እኔ ዋንጫ አልፈልግም ነበር፤ ስምንት ሰዓት ማሽን ላይ ተቀምጬ አንገቴን ማዞር ነበር የምፈልገው።

እዚህ አሜሪካ ኢንሹራንስ ወጪውን እንዲሸፍን የትከሻዬና የጡቴ ሥር ቁስል ፎቶግራፍ፣ ለወራት የተከታተልኩት የፊዚዮቴራፒ ማስረጃና የሐኪም ደብዳቤ ተሰበሰበ። ከዚያም የሚወጣው ግራም ተገመተ። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚመሩት ሽነር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሰንጠረዥ ነው፤ የሰውነትሽ ስፋት ይህን ያህል ከሆነ ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ ይህን ያህል ግራም መውጣት አለበት ይላል። የሰው ሕመም በሚዛን ሲለካ ደስ አይልም። መጀመሪያ ከለከሉኝ፣ ሐኪሜ ተከራከረልኝ፣ ሁለተኛው ላይ ፈቀዱ።

በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ሐኪሜ በቁሜ ሊለካኝ ሜትር ይዞ መጣ። ጋደም ብሎ የተለካ ጡት ወደ ጎን ስለሚፈስ አይታመንም፤ እኔም ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው። ከአንገቴ ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ ጡቴ ጫፍ በቀኝ 32፣ በግራ 33 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ወደ 22 ገደማ ሊያወጣው ነው። ከዚያ በቀለም ብዕር ደረቴ ላይ ንድፍ ሣለ። ሲጨርስ መስታወቱን አየሁና «ይኼ እኮ የጡት መያዣ ንድፍ ነው» አልኩት። ደነገጠ፤ ሙያዬን ነገርኩት። ነገሩ እውነት ነው፦ ሮበርት ዋይዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ንድፍ የተነሣው ከጡት መያዣ አቆራረጥ ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ጠፍጣፋ ጨርቅ እንዲያብጥልን ከሥሩ ጦር የመሰለ ቁራጭ አውጥተን ጠርዞቹን አንድ ላይ እንሰፋለን፤ እሱም ቆዳን እንደዚያው አደረገው። ስፌቱ በጡት ጫፍ ዙሪያ ይዞርና ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከጡት ሥር ደግሞ በእጥፋቱ ላይ ጋደም ይላል። መልሕቅ ይመስላል።

ሌላም አሠራር አለ። ብራስልስ ውስጥ ማድሌን ለዡር፣ ካናዳ ውስጥ ኤልዛቤት ሆል ፊንድሌይ ያስፋፉት ያንን የታችኛውን ጋዳማ ስፌት የሚያስቀር ነው። ጠባሳው ያንሳል፤ ግን ትርፉ ቆዳ ከሥር ተሸብሽቦ ስለሚቀር የመጀመሪያዎቹ ወራት መልኩ ከእኔም የባሰ ያስደነግጣል። ላዩ ወጣ፣ ታቹ ጭምድድ ብሎ የተገለበጠ ይመስላል። ሽብሽቡ ቀስ ብሎ ይለቃል። የእህቴ ልጅ የተሠራላት በዚህ ነበር፤ ያን ዕለት ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

ብዙ ሴቶች የጡት ጫፍ ተቆርጦ ወጥቶ ተመልሶ የሚለጠፍ ይመስላቸዋል። እጅግ ለከበደ ጡት እንዲያ የሚደረግበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጫፉ የደም ሥርና ነርቭ ካለው ሥጋ ጋር እንደ አበባ ከነግንዱ ተይዞ፣ በዙሪያው ያለው ትርፍ ዕጢ፣ ስብና ቆዳ ወጥቶ፣ ወደ ላይ ይዛወራል። በኋላ ስሜትና ወተት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ያ ግንድ ነው። ሐኪሜ «ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ለዚህ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከቀኝ 640፣ ከግራ 710 ግራም ወጣ። የወጣውም ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመረመራል፤ የኔ ንጹሕ ነበር። ስነቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም። በረጅሙ ተነፈስኩ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ደረት 106። ይህ ቁጥር አሳስቶኝ ነበር፤ «በቂ አልወጣም» ብዬ አዘንኩ። ውኃ ነው፣ እብጠት ነው። አዲሱ ጡት ከላይ ጠንክሮ ይሞላል፣ ከሥር ይጎድላል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ በሰማያዊና በቢጫ ይዥጎረጎራል። ሁለቱም እኩል ቀን አያብጡም፣ እኩል ቀንም አይጎድሉም። ሐኪሙ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ የሚሰፋው በኋላ እንደሚወርድ ስለሚያውቅ ነው። እኔም አዲስ ጥጥ ቀሚስ ስሰፋ ታጥቦ እንደሚሰበሰብ አስቤ ነው የምቆርጠው፤ የሱ ግን በተቃራኒው ነው፣ ይለቅቃል ብሎ ነው የሚያጠብቀው።

ሦስተኛ ሳምንት ላይ ቁልቁል የሚወርደው ስፌት ከጋዳማው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተከፈተ። እኔ ዓለም የተደፋብኝ መሰለኝ። ለካስ ሦስት ስፌት የሚገናኝበት ማዕዘን በጨርቅም በቆዳም በጣም የሚወጠረው ቦታ ነው፤ በዚህ ቀዶ ሕክምና ቶሎ አልድን የሚለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሲጋራ በሚያጨሱና ስኳር ባለባቸው ሴቶች ላይ ይብሳል። እየጸዳ፣ ፋሻው እየተቀየረ በአምስት ሳምንት ዘጋ። የዛሬው ጠባሳዬ እዚያ ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ነው።

ሦስተኛ ወር፦ 103። አንድ ቀን ጠዋት ገላዬን ስታጠብ ከሥሩ ክብ ብሎ አገኘሁት። ከላይ የነበረው ቁልል ወርዶ ባዶውን ሞልቶታል። ቀስ እያለ የመጣ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ያን ዕለት የሆነ ይመስለኛል። ስድስተኛ ወር፦ 102። ሐኪሜ እስከዚያ ድረስ ውድ ጡት መያዣ እንዳልገዛ ነግሮኝ ነበር፤ ሰምቼው ጠቀመኝ። ግራና ቀኙ ዛሬም ትንሽ ይለያያሉ። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዬ ከለካኋቸው ሴቶች መካከል ሁለቱ ፍጹም እኩል የሆኑላትን አላስታውስም፤ ቢላ ነክቷትም ሆነ ሳይነካት።

አምስተኛው ወር ላይ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በግራ ጡቴ ውስጥ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ዳሰስኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሞተ ስብ ሆነ። ደም በደንብ ያልደረሰው የስብ ቁራጭ ሞቶ ይጠጥራል፤ ክፉ በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህንን በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም። ጡቷን ያስቀነሰች ሴት አዲስ ጠጣር ነገር ካገኘች «የስፌቱ ነው» ብላ መቀመጥ የለባትም፣ ትታይ። ማሞግራም ስትነሣም ቀዶ ሕክምናውን ታስታውቅ፤ ውስጡ የቀረው ጠባሳና ጠጣር ስብ ፎቶው ላይ ስለሚታይ፣ የሚያነብበው ሐኪም ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ጠባሳው ለእኛ ለጥቁር ሕዝቦች የራሱ ጣጣ አለው። ቆዳችን ኬሎይድ የሚባለውን ያበጠ ጠባሳ ይወዳል። የኔ መካከሉ ሳስቶ ዳር ዳሩ፣ ወደ ብብትና ወደ ደረት መካከል የሚሄደው ጫፍ፣ አብጦና ጠቁሮ ቀረ። ለወራት የሲሊኮን ልጣፍ አደረግሁ፣ ሁለት ጊዜም ጠባሳው ውስጥ መርፌ ተወጋሁ፤ ሟሸሸ። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት ሴት ካለች ይህንን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሟ ትናገር። ስሜቱ ደግሞ በቀኝ በአራተኛ ወር እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ ተመለሰ፤ በግራ ግማሹ እስከ ዛሬ ደንዝዟል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ወለድኩ። እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። እስከዚያ ቀን «ትንሽ ዕጢ አስወጣሁ» ብያት ነበር፤ ትልቁ የዋሸኋት ውሸት ነው። ሦስተኛው ቀን ገላዬን ልታጥበኝ ገብታ ጠባሳውን አየችው። ጣቷን በመልሕቁ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬደችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ የቀሚሷን አንገት ወደ ጎን ስባ ትከሻዋን አሳየችኝ። የኔው ዓይነት ቦይ ነው፤ የሷ ግን የሃምሳ ዓመት ነው። «ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች። «ብትነግሪኝ አብሬሽ እጸልይ ነበር።» ያን ያህል ዓመት «ነጠላሽን አጣፊ» ስትለኝ ከምን ልትከልለኝ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

በእርግዝናው ደረቴ 110 ደርሶ ነበር። የቀረው ዕጢ ዕጢ ነውና ሆርሞን ሲጠራው ያድጋል። ወተቱ በቀኝ መጣ፣ በግራ እምብዛም። በግራው ቱቧቸው የተቆረጠባቸው ዕጢዎች ለጥቂት ቀን እንደ ድንጋይ ጠጥረው ደረቁ። እማዬ አጥሚቱንም አብሹንም አላጓደለችብኝም፤ ያም ሆኖ ልጄ ግማሹን ከጡቴ፣ ግማሹን ከጡጦ ጠጥታ አደገች። ጡቷን ካስቀነሰች በኋላ የምታጠባ ሴት ብዙ ናት፣ ሙሉ በሙሉ የማይበቃላትም ብዙ ናት። ከመውለዷ በፊት የሚነግራት ካገኘች ራሷን እንደ ጥፋተኛ አታይም። ልጄ ጡት ስትተው ልኬቱ 99 ላይ ወረደ፤ ለስላሳና ባዶ፣ እንደ ታጠበ ኪስ።

በ2020 በኮሮና ጊዜ ስምንት ኪሎ ጨመርኩ፤ ደረት 107። ያኔ አንዲት ጓደኛዬ «ተመልሶ በቀለብሽ» አለችኝ። የወጣው አይበቅልም። የቀረው ስብ ግን እንደ ሆዴና እንደ ዳሌዬ ስብ ነው፤ ስወፍር ይወፍራል፣ ስከሳ ይከሳል። ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ላይ ዕጢው ራሱ እንደገና ሊያድግ ስለሚችል ነው ሐኪሞች አስቸኳይ ካልሆነ ጡቱ ማደጉን እስኪያቆም ጠብቁ የሚሉት። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ መዛባት ጀምሯል። በዚህ ዕድሜ ዕጢው እየሳሳ ቦታውን ለስብ ይለቃል፣ ጡትም ይለሰልሳል።

ቅርጹም ወርዷል። ከጡቴ ጫፍ እስከ ሥሩ እጥፋት በ2010 ሰባት ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን አሥር ነው። የታችኛው ቆዳ ሲለጠጥ ሥጋው ወደ ሥር ይወርዳል፣ ጫፉ ባለበት ስለሚቀር ወደ ላይ የሚያይ ይመስላል። ከመጠን ሲያልፍ በድጋሚ የሚያስተካክሉ ሴቶች አሉ። እኔ አላስተካክልም። ኩፐር የጻፈላቸው ጅማቶች አሁንም እነዚያው ናቸው፤ የያዙት ግን ከድሮው ከግማሽ በላይ የቀለለ ነው። አንገቴ ይዞራል። የትከሻዬ ቦይ ባይጠፋም ሳስቷል። ከጡቴ ሥር ያ ቁስል በአሥራ አምስት ዓመት አንድም ጊዜ አልተመለሰም።

ያን ሌሊት ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአንዴ አልነገርኳትም። የነገርኳት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጡቷ በድንገት ቢወጠርና ቢያማት፣ ቢቀላ፣ ትኩሳት ቢኖራት ወይም ጫፉ ቢጠቁር ያኔውኑ ወደ ሐኪሟ እንድትሄድ፤ ባይሆንም በነጋታው እንድትታይ። ሄደች፣ «ደህና ነሽ» አሏት። ሁለተኛው መስታወቱን ትታ በየወሩ መጀመሪያ በሜትር እንድትለካና እንድትልክልኝ።

የመጀመሪያው 101 ነበር። ሁለተኛው 99። ሦስተኛው ባለፈው ሳምንት ደረሰ፤ 97፣ ከሥሩ «ሽብሽቡ እየለቀቀ ነው መሰለኝ» የሚል መልእክት አለው። ለመስከረም ሠርግ ቀሚስ አዝዛኛለች። ከሽሮ ሜዳ የመጣልኝን ሸማ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ደረቱን በ97 ቆረጥኩት፤ በሁለቱም ጎን ከስፌቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ተውኩላት።